ሁለት በር ያለው ቃል

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ቀናው፣

እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮ ተወህ ወይ? መንዝ በልጉ ዘንቦለት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። አክስታችን እትዬ ፈለቀችም ፈትል ፋብሪካው ውስጥ ሥራዋን እየሠራች ደህና ናት። ደህና ነኝ የምልህ ግን አካሌን ነው። ሌላው ብዙ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖብኛል፤ የራሴ መሆኑን አውቃለሁ እንጂ ሲነኩት አይሰማኝም።

ፊት ለፊት መናገር እንደማልችል ታውቃለህ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፍልህ። እዚህ አቃቂ፣ ከእትዬ ቤት በታች፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ እማሆይ አስካለማርያም የሚባሉ መነኩሲት አሉ። ቅኔ አዋቂ ናቸው። ጎጃም ውስጥ ስንት ደብተራ አስተምረዋል ይባላል። አሁን እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ከትምህርት ቤት ስመለስ ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፤ ቤታቸውን እጠርጋለሁ። እትዬ ፈለቀች መጀመሪያ ደስ አላላትም ነበር። "ከሊቅ ጋር ውለሽ ልትፈላሰፊብኝ ነው? እዚህስ ባልዲው ባዶ አይደለም?" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። አሁን መቀለዱን ትታለች።

ከፋሲካ ወዲህ አቶ ፈቀደ የሚባል የራዲዮ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እማሆይ ይመጣል። ሊቃውንትን እየዞረ ስለ ኑሯቸውና ስለ ሐሳባቸው የሚጠይቅ ነው። ድምፅ የሚቀዳ ከባድ ሣጥን ይዞ ነው የሚመጣው። የእማሆይ ጠረጴዛ የደብረ ዘይት መንገድ መኪና ባለፈ ቁጥር ስለሚንቀጠቀጥ፣ ማይክራፎኑን በእጄ እንድይዝ አደረገኝ። እኔም እንዳላስል ምራቄን እየዋጥኩ ሁሉንም ሰማሁ።

"ሴት ሆነው ቅኔ ቤት በየት በር ገቡ?" ቢላቸው፣ "በር መች ነበረውና ልጄ? አጥር ነው የነበረው" አሉት። በልጅነታቸው ሊድሯቸው ሲሉ ጠፍተው ሄደው፣ መምህሩ አላስገባም ስላሏቸው ክረምቱን ከአጥሩ ውጪ ተቀምጠው ተማሩ። ተማሪዎቹ "ይቺ ደግሞ የማን ዶሮ ጠባቂ ናት?" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አንድ ቀን ግን መምህሩ ተማሪዎቹን ጠይቀው ሁሉም ዝም ሲሉ፣ እማሆይ ከአጥሩ ማዶ መለሱ። ያን ጊዜ "ዝናብ አይምታት፣ አስገቧት" ተባለ።

አቶ ፈቀደ ኅብር ምን እንደሆነም ጠየቃቸው። እማሆይም "ኅብር ሁለት በር ያለው ቃል ነው። አንተ በአንዱ ስትገባ፣ በሌላው ማን እንደወጣ አታይም" አሉት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ለእትዬ ፈለቀች ምሳ ይዤ ወደ ፋብሪካው ሄጄ ነበር። ዘበኛውን አባባ ሮሪሳን አታውቃቸውም። ሁልጊዜ "የመንዟ ብርድ መጣች!" እያሉ የሚቀልዱብኝ ሽማግሌ ናቸው። የዚያን ቀን ግን ባርኔጣቸውን አወለቁና "እግዜር ያጥናሽ ልጄ" አሉኝ። "ለምኑ አባባ?" አልኳቸው። ደነገጡ። "ለጥናቱ ነዋ! ለፈተናው ማለቴ ነው። ጠንክረሽ አጥኚ። በይ ግቢ፣ ምሳው ቀዘቀዘ" አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ገባሁ።

ጋሼ፣ አጎታችን ፀሐዩ ለዳግማይ ትንሣኤ መጥተው ነበር። ስለ ሁሉም አጫወቱኝ፤ ላሚቱ መውለዷን እንኳ ነገሩኝ። ስለ እማዬ ስጠይቃቸው "ደህና፣ ሁሉም ደህና" ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። ክሩ ታስሮ ነበር። እሳቸው ከሄዱ ጀምሮ እትዬ ፈለቀች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች። "የሥራ ጓደኛዬ እናት አርፋ ነው" አለችኝ። ጎረቤቶች ሲመጡ ውጪ ቆመው ያወሩና እኔ ብቅ ስል ስለ ጤፍ ያወራሉ። ፈተናዬ በሰኔ ነው። "ፈተናሽን ጨርሺና አገር ቤት እንሄዳለን" ትለኛለች። ለምን እንደምንሄድ አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ቅዳሜ አቶ ፈቀደ "በሕይወትዎ ያዘኑበት ነገር ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ። እማሆይ ቅኔ ቤት ሳሉ እናታቸው ሞተው፣ "ትምህርቷ እንዳይበላሽባት" ተብሎ መርዶው ዓመት ሙሉ ተደበቀባቸው። "ለእርስዎ አስበው አይደለም?" ቢላቸው፣ "ለኔስ አይደለም። ዓይኔን እያዩ መናገር ፈርተው ነው። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ስስቅ ከረምኩ። ያንን ሳቄን እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ" አሉት። አቶ ፈቀደ ሣጥኑን ዘጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እጅሽ እንደ ድንጋይ ነው፤ አንዴም አልተንቀጠቀጠ" ብሎ አመሰገነኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምፈራውን ነገር ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ጠየቅሁ። "እማሆይ፣ ያጥናሽ ኅብር ነው ወይ?" አልኳቸው። ትርጉሙን ይነግሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "ማን አለሽ?" አሉኝ። ጋሼ፣ ማን አለሽ ነው ያሉኝ፤ እሱም ሁለት በር አለው። ቀጥለውም "ከኔ አፍ አትስሚው፤ ቤተ ዘመድ አለሽ" ብለው ፊታቸውን በቆባቸው ሸፈኑ። ለራዲዮ ያሉትን ለእኔ ማለት አቃታቸው። አልተቀየምኳቸውም። ቤታቸውን ጠርጌ፣ ውኃ ሞልቼ ወጣሁ። አላለቀስኩም። ለምን እንደማለቅስ የነገረኝ ሰው የለማ።

አሁን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ልጆች ሲስቁ እስቃለሁ። መጽሐፌን እከፍታለሁ፤ ፊደሉን አየዋለሁ እንጂ አይገባኝም። እትዬ ፈለቀች እያጠናሁ ይመስላታል። ላዝን ብል ማረጋገጫ የለኝም፤ ደስ ይበለኝ ብል እትዬ ነጠላዋን አላቃናችም። ጋሼ፣ አንተ ዋሽተኸኝ አታውቅም። ስለ ፈተናው አታስብልኝ፤ ፈተና ለከርሞም አለ። እውነቱን በራስህ እጅ፣ በእኔ ስም ጻፍልኝ። እትዬንም አትቆጣት፤ ጨንቋት ነው።

አባዬን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ቀና ብለው እንዲሄዱ ንገራቸው። እህታችንን ዙፋንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጠጉሯን ማን እየሠራላት እንደሆነ ጻፍልኝ። ትንሹ ሳህሌ ጥርስ አወጣ ወይ? እሱንም ግንባሩን። ለእማማ ዲንቄና ለቤታቸው ሁሉ ሰላም በልልኝ።

እማዬ ካለች ጉልበቷን ሳምልኝ። ከሌለች የት እንዳሳረፋችኋት ንገረኝ።

እህትህ አሰጋሽ

አቃቂ፣ ግንቦት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.