ወርዷል ወይስ አልወረደም

ኅዳር 3
ጠዋት ከሱቄ የወጣው፦ ሰባት ጓጉንቸር፣ አራት ጥንድ ማጠፊያ፣ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም። ቁልፍ ያስቀረጹ ሁለት ሰዎች። ከዚያ ጭር አለ።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ግን ጭር የሚባል ነገር የለም። ዛሬም ያው ክርክር... ቦክሰኛው ግራው ወርዷል ወይስ አልወረደም? የታክሲ ሾፌሩ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ከወንበሩ ተነሣ።

"ወርዷል! ባለፈው ስምንተኛው ዙር ላይ እግሩን ሲጎትት አላያችሁም? ከቀጭኑ ጋር ቢያጋጥሙት ሁለት ዙር አይቆይም።"

"ቁጭ በል አንተ፣ ጆሮህን ሳልቆርጠው" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ግራው በአንድ እጁ የቀጭኑን ዘር ማንዘር ያነጥፋል።"

በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

ግራው የተባለው በግራ እጁ ስለሚመታ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ታናሽ ወንድሜ እጁን አውርዶ ወደ ጥጉ ሊዞር ሲል መታው። ዳኛው "ደወሉን አልሰማም ነበር" ብሎ አለፈው። ወንድሜ ቀኝ ዓይኑን አጣ። ዛሬ አናጢ ነው፤ የወንበር እግር ይጠርባል። ግራው ዛሬም ይጨበጨብለታል።

ኅዳር 5
ሳሰላው ዋልኩ። እኔ ቡጢ አላውቅም። የሚያውቅ ግን አለ... ቀጭኑ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በግራ እጁ በጎን በኩል የሚልካት ቡጢ ስትመጣ አትታይም። ግራው ሠላሳ ስድስት ሞልቶታል። ታዲያ ለምን አይጋጠሙም? ግራው ስለሚሸሽ። የማይሸሸው ምን ሲሆን ነው?

ሲሞገስ።

ኅዳር 8
የግጥሚያ አዘጋጁ ፂሙን ሊላጭ መጣ። እስኪቀመጥ ጠብቄ ተከትዬው ገባሁ። ክርክሩን ለመቆስቆስ አንድ ቃል በቃኝ።

"ግራው አልወረደም" አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የወንድሜን ነገር የማያውቅ የለም።

"አንተ? አንተ ነህ ይሄን የምትል?" አለ ሾፌሩ።

"እኔ ዕቃ ሳይ ዕቃውን ነው የማየው። እግሩ ከብዷል፣ ልክ ነህ። ርቀት በመለካት ግን እስካሁን የሚደርስበት የለም። ቀጭኑ ፈጣን ነው። ፈጣን ሰው ደግሞ ራሱ ሮጦ ይመጣለታል።"

አዘጋጁ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። "ባላንጣው እንዲህ ካለለትማ..." አለ። ሲወጣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር።

ኅዳር 12
ተፈራረሙ። ጥር 2 ይጋጠማሉ። ፖስተሩን የሱቄ ግድግዳ ላይም ለጠፉት። አልገነጠልኩትም። እንዲያውም ጥጉ አልይዝ ሲላቸው ሚስማር ሰጠኋቸው።

ምሳ በላሁ። ጣፈጠኝ።

ኅዳር 17
ግራው ሱቄ መጣ። በእግሩ፣ ብቻውን።

"ጌታው፣ በሌለሁበት ደህና ተናገርክልኝ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ያውቀኛል። የማን ወንድም እንደሆንኩም ያውቃል። ስለዚያ ግን ትንፍሽ የለም።

"ምን ልታዘዝ?" አልኩ።

ለልብስ ሣጥኑ ጓጉንቸር። መካከለኛውን ሰጠሁት። ቁልፉን ሊሞክር... ቀዳዳውን ሳተው። ደግሞ ሳተው። በሦስተኛው በአውራ ጣቱ ዳስሶ አገኘው።

"ጠባብ ነው" አለ።

ጠባብ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ቁልፍ ሲያስገባ አይቻለሁ። የሚስተው ወይ የሰከረ ነው፣ ወይ አንድ ዓይን ያለው። አልሰከረም። ወንድሜ እስከ ዛሬ ውሃ ሲቀዳ የብርጭቆውን አፍ በጣቱ ይዞ ነው።

ለማረጋገጥ የጓጉንቸሩን ካርቶን በቀኙ በኩል ዘረጋሁለት። አላየውም። አንገቱን ሙሉ ሲያዞር ነው ያገኘው።

ቀኝ ዓይኑ አያይም። የቀጭኑ ቡጢ የሚመጣው ደግሞ በዚያው በኩል ነው።

ከወጣ በኋላ መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ። ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ።

ኅዳር 18
ወንድሜ ሥራ ቦታ ሄጄ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። መላጊያውን አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ የዓይን ምርመራ አለ እኮ። እንዴት አለፈ?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ?"

"ቀ፣ ረ፣ መ" አለ። "ሰ፣ ጠ፣ ለ፣ ወ። በ፣ ደ፣ ከ፣ ሸ፣ ነ።" ትንፋሽ ሳይወስድ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሐኪሙ ግድግዳ ላይ ያለው የፊደል ሰሌዳ። ስንት ዓመቱ... አንድ ቀን ተቀይሮ አያውቅም። ዓይኑ የታመመ ቦክሰኛ ሁሉ በቃሉ ነው የሚያነበው። እኔም ያኔ እንደዚያ ነበርኩ። ከግጥሚያው ሦስት ወር በፊት ጀምሮ ቀኙ ይጨልምብኝ ነበር።"

"ማን አስጠናህ?"

"አንተ ነሃ! ረሳኸው? ወረቀቱን ይዘህ... አሠልጣኙ የሰጠኝ የቡጢ ቅደም ተከተል ነው ብዬህ።"

አልረሳሁትም። ቁርስ ላይ ነበርን። "አንድም አልሳትክም፣ ጎበዝ!" ብዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ነው የላክሁት።

"ደወሉስ? ከደወል በኋላ አልመታህም?"

"መታኝ። እሱን እኔም አልተውኩለትም። ግን ሲመጣ አላየሁትም ጋሼ። ዓይን ያለው ሰው ያየው ነበር።"

ኅዳር 19
ሱቅ አርፍጄ ከፈትኩ። ሁለት ጓጉንቸር። ሌላ የለም።

ኅዳር 22
ይቅር አላልኩትም። ይሄ ይጻፍ።

ግን አንድ ሰው በቃሉ ሲያነብ አዳምጬ፣ ጎበዝ ብዬ ልኬያለሁ። ሁለተኛ አልልክም።

ደግሞስ... ጥር 2 ቀን ቢወድቅ ምን አገኛለሁ? ተመትቶ የወደቀ ጀግና ነው። ሾፌሩ ራሱ ያለቅስለታል። ፀጉር ቤቱ ዕድሜ ልክ "ያን ቀን ደህና ቢሆን ኖሮ" እያለ ይከራከርለታል። አይሆንም። እኔ የምፈልገው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ግራ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ፣ ደረቱን ነፍቶ "ቀ፣ ረ፣ መ" ሲል ነው። ሐኪሙም "የቱ ጋ አየኸው?" ሲለው። ጭብጨባ የለ። አልሰማም የሚል ዳኛ የለ።

ኅዳር 24
ሐኪሙ ጋ ደረስኩ። ከግጥሚያው በፊት የመጨረሻው የዓይን ምርመራ ኅዳር 27 ነው አለኝ። የማንንም ስም አላነሣሁም።

"ሰሌዳህ ቢጫ ሆኗል፣ ጥጉም ተልጧል። አዲስ በነፃ ልሥራልህ?"

"ምነው፣ ምን አግኝተህ ነው?"

"የተረፈ እንጨት አለኝ።"

ሳቀ። እሺ አለ።

ኅዳር 25
ፊደሎቹን ራሴ መርጬ ለአታሚው ሰጠሁ። ፍሬሙን ወንድሜ ሠራው። ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ጠርዙን በጣቱ እየዳሰሰ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ሲያስረክበኝ አንድ ነገር ብቻ አለ።

"ጋሼ፣ አዲሱን ፊደል ለኔም እንዳታሳየኝ።"

ኅዳር 26
ጠዋት የወጣው፦ አምስት ጓጉንቸር፣ ሁለት ኪሎ ሚስማር።

ሾፌሩ ከፀጉር ቤቱ ሆኖ ጮኸብኝ። "ባለ ቁልፍ! ዛሬስ ምን ትላለህ? ወርዷል አልወረደም?"

"ገና አልወረደም" አልኩት።

አታሚው ደወለ። ሰሌዳው ደርቋል።

ነገ፦ ሱቅ ከመክፈት በፊት ከአታሚው መውሰድ፣ ፍሬሙ ውስጥ ማስገባት። አራት ብሎን፣ ትንሹ መፍቻ። ቦክሰኞቹ ሳይመጡ አዲሱን መስቀል፣ አሮጌውን ማውረድ።