ተጋድመው የሚያዩት ሥዕል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ናፍቆትሽ ከዚህ ወረቀት ይሰፋል፤ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። አባትሽም ደህና፣ ማጉረምረሙም ደህና።

የላክሽው የወንዙ ሥዕል ደርሶ ደስታዬ ወሰን አጣ! ያስጠራሁት ፍሬም ሠሪ ናሙናውን ሁሉ ታቅፎ መኝታ ቤት ድረስ መጣልኝ። ወፍራሙን ባለወርቅ ቀለም ፍሬም ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «እትዬ፣ ሥዕል የሚሰቀለው በቆመ ሰው ዓይን ልክ ነው» አይለኝም!

«የኔ ልጅ፣ የኔ ዓይን ልክ ይሄ ትራስ ነው። ጫማህን አውልቅና ተጋደም» አልኩት።

አባትሽ በር ላይ ቆሞ፣ «ዘንድሮ የማላየው ጉድ የለም፤ በገዛ አልጋዬ!» ሲል ሳቄ ሳሌን ቀሰቀሰው።

ሰውዬው ግን በአባትሽ ቦታ ጋደም ብሎ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። «እውነትዎን ነው፤ ፍሬሙ መስታወት ካለው ከዚህ የሚታየው የመስኮቱ ነጸብራቅ ብቻ ነው» አለ። ስለዚህ መስታወት የሌለው፣ ቀጭን፣ ቀለም ያልነካው እንጨት መረጥንና ዝቅ አድርጎ ሰቀለው። አሁን ጠያቂ ሁሉ ወንዝሽን ለማየት ጎንበስ ይላል፤ እጅ የሚነሱልሽ ነው የሚመስለው!

ትምህርትሽን አቋርጠሽ ነይ ማለቴ አይደለም። አባትሽ «ቶሎ ድረሺ» እያለ የሚጽፍልሽንም አትስሚ፤ እሱ ድሮም ችኩል ነው።

ፍሬም ሠሪው ሲወጣ፣ «እንጨቱ እያደር ይበስልና የማር መልክ ይይዛል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይታገሱት» አለኝ። ለልጄ እነግራታለሁ አልኩት። ማር ሲመስል አንቺ እዪልኝ።

ጉንጭና ጉንጭሽን ስሜ፣ በሰላም ዋዪ፣ በሰላም እደሪ ብያለሁ።

እናትሽ