ከነቅጠሉ የተቀጠፈው ማንጎ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ደባልቄ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የእማዬ ሳልስ ለቀቃት? በልጉስ ዘነበላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ባምባሲንም ለምጃታለሁ። ባምባሲ ያለችበት ክልል በቅርቡ የተመሠረተ ስለሆነ ስሙ በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ገና ባለፈው ወር ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ልጆቹ ነካክተውት የጣታቸው ምልክት ቀርቷል።

አሁን የማንጎ ወቅት ነው። በእኛ ሰፈር የወደቀ ማንጎ ላገኘው ሰው ነው፤ ዛፉ ላይ ያለው ግን የባለቤቱ ነው። ይህን ትንሹም ትልቁም ያውቃል። ባለፈው ሳምንት አምስተኛ ክፍል የማስተምራትን ኸድራን ከጎረቤታችን ከአቶ ሙርሳል አጥር ስር ማንጎ ከነቅጠሉ ይዛ አገኘኋት። ከየት አመጣሽው ብላት ዝም አለች። እኔም የእርስዎ ልጅ አይደለሁ፣ ወዲያው ቱግ አልኩና ትምህርት ቤት ወስጄ ክፍል ፊት አቁሜ ሌባ አልኳት። በማግስቱ ቀረች፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። አባቷ ዓብዱልባሲጥ ከእንግዲህ ትምህርቱ ይቅርባት ማለቱን ስሰማ ክው አልኩ።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ዳበሳ የሚባለው የክፍል ጓደኛዋ ማንም ሳይጠይቀው ብድግ አለና ማንጎውን በድንጋይ ያወረድኩት እኔ ነኝ አለ። ለካ እሷ ነጥቃው ለባለቤቱ ልትመልስ ስትሄድ ኖሯል፤ ስጠይቃትም እሱን ላለማጋለጥ ብላ ነው ያልተናገረችው። ያኔ ለምን ዝም አልክ ስለው፣ ፈርቼዎት ነበር፣ ግን ባዶ ቦታዋን ሳይ ምሳዬ አልወርድ አለኝ አለ። አምና ቢሆን ይህ ልጅ ከኩርኩም በቀር የሚያስጨንቀው ነገር አልነበረም። አባባ፣ ልጅ የሚታረመው በአለንጋ ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ተጠራጠርኩ።

ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። አባቷ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። ኸድራ አንገቷን እንደደፋች፣ ሌባ ሲሉኝ ሁሉም ሰምቷል፣ ይሄንንም ሁሉም ይስማ አለች። አልዋሽዎትም፣ ተናደድኩ፤ ቤቴ እስክደርስ ስነጫነጭ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን እሷን ያቆምኩበት ቦታ ቆሜ፣ ኸድራ ሌባ አይደለችም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ትበለኝ አልኩ። ከአባቷ ጋር በር ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ ገባችና ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን አወጣች። ደስታዬን በምን ልንገርዎት!

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለአክስቴ ለወለተሥላሴ በርበሬው ደርሶኛል ይበሉልኝ፤ እህቴ ሐኒም በትምህርቷ ትበርታ። ለወንድሜ ለቴዎ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃም። ልጆች ሳለን ሬዲዮዎን የሰበርኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ሲገረፍ እኔ አልጋ ስር ተደብቄ ዝም አልኩ። እባክዎ አባባ፣ ይህን ደብዳቤ ቴዎና ልጆቹ ባሉበት ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡልኝ።

ልጅዎ እስከዳር
ባምባሲ፣ ግንቦት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.