ከቦምብ መጠለያው ክፍል ለደንበኞች ደስታ ክፍል

ለተከበሩ የደንበኞች ደስታ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የቤትዎም ዋይፋይ እስከ ጓዳ ድረስ የሚዘልቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የድርጅታችሁን ስም ያልጠቀስኩት ለክብራችሁ ስል ነው፤ ደግሞም ስሙን ስጠራው የራሴ ደም ግፊት ይነሣል።

እኔ ሮኪያ እባላለሁ፤ ታምፒነስ ሰፈር አፓርታማ ውስጥ የምኖር ደንበኛችሁ ነኝ። ባለቤቴ ሳፓሪ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ፣ «ኧረ ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ኋላውም አብሮን ነው የሚደርሰው!» እያለ ተሳፋሪ የሚያስቅ ሰው ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታውና አንደበቱ ተያዘ። አሁን ንግግር የምታስተምረው ባለሙያ በቪዲዮ ነው የምትመጣው፤ ሆስፒታሉ ያዋሰን ታብሌት ደግሞ ያለ ቤት ዋይፋይ አይሠራም። እንግዲህ የባለቤቴ ምላስ ያለው በእናንተ እጅ ነውና፣ ይህን ታላቅ ኃላፊነት ሳታውቁት ስለተሸከማችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ቅሬታ እንዳይመስልብኝ እየፈራሁ ጥቂት ነጥቦች አቀርባለሁ።

፩. ሠራተኛችሁ ቲኔሽ ራውተሩን የሰቀለው መንግሥት በየአፓርታማው በሚያሠራው የቦምብ መጠለያ ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ክፍል ቦምብ እንዲመልስ ታስቦ በወፍራም ኮንክሪት የተሠራ፣ በሩም ብረት መሆኑን፣ እኛም ጦርነት እስኪመጣ ድረስ ሩዝና የእንግዳ ፍራሽ እንደምናከማችበት ያውቃሉ። ቦምብ የማያልፈውን ግድግዳ ዋይፋያችሁ ያልፈዋል ብዬ መጠበቄ የራሴ የዋህነት ነው። ቲኔሽ እዚያው መጠለያ ውስጥ ቆሞ በስልኩ ለካና «ማክቺክ፣ እዚህማ ኔትወርኩ አንደኛ ነው! ሌላ ምን ፈለጉ?» አለኝ፣ እንደ አክስቱ እየጠራኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ቦምብ የወደቀ ዕለት ከእኛ የበለጠ ኢንተርኔት የሚጠግብ ቤት አይኖርም።

፪. በታዘዝኩት መሠረት ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ደግሜም አጥፍቼ አብርቻለሁ። ማይክሮዌቩን ነቅያለሁ። ውሃ ሞገድ ይይዛል ስላላችሁኝ ሳፓሪ የሚወደውን የዓሣ ገንዳ ለጎረቤቴ ለጌክ ቹ ሰጥቻለሁ። ዓሦቹ ደህና ናቸው፤ እሷ ቤት ዋይፋዩም ደህና ነው።

፫. ራውተሩን ወደ ሳሎን ላውጣው ብል፣ ደንበኛ ከነካው ዋስትናው ይሰረዛል ተባልኩ። የመጠለያውን ግድግዳ በስቼ ገመድ ላሳልፍ ብል በሕግ ክልክል ነው። ወደ ሌላ ድርጅት ልሂድ ብል ውሉ ገና አላለቀም፤ ከትዳር መውጣት እንኳ ከእናንተ ውል ከመውጣት ይቀልላል። ሳፓሪን ወደ መጠለያው ላስገባው ብል ተሽከርካሪ ወንበሩ በብረቱ በር አያልፍም። ወጥመድ በዚህ ጥራት ሲሠራ አይቼ አላውቅምና ሙያችሁን አደንቃለሁ።

፬. የላካችሁልኝን ማራዘሚያ ሳሎን ሰክቼዋለሁ። የሌለውን ኔትወርክ በትጋት ያራዝማል። ከእጅ አይሻል ዶማ።

፭. ይህንን መጻፍ ይከብደኛል። መምህርቷ እንደ አጎቷ እየጠራችው «ፓክቺክ፣ አፌን ይዩ፣ ልክ እንደኔ ያድርጉ» ትለዋለች። ከዚያ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ እሷም አፏን እንደከፈተች ደርቃ ትቀራለች። ሳፓሪ ታዛዥ ነውና እሱም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ምራቁ በአገጩ እየወረደ፣ ዓይኑን ከታብሌቱ ሳይነቅል፣ ትምህርቱ ይሄው መስሎት ይጠብቃል። የመጀመሪያ ቀን ስቄያለሁ። አሁን አልስቅም፤ አገጩን በእጄ ይዤ አፉን የምዘጋለት እኔ ነኝ። የጠፋ ንግግር ቶሎ ካልተያዘ አይመለስም ይሉኛል፤ ወራቱ እየሄዱ ነው፣ እኔም ፈርቻለሁ።

ሆኖም ሳላመሰግን አልደመድምም። ወደ እናንተ ስደውል ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ሳፓሪ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ ሰው እስኪያነሣው ድረስ ሩዝ ታጥቦ ይበስላል። እስከዚያ እንድታስጠብቀን በቋንቋችን የቀረጻችኋት ሴትዮ ድምጿ ጥርት ያለ፣ ቃሏ የማይቆራረጥ፣ መድገም የማይሰለቻት ናት። ባለፈው ዓርብ ወጥ ቤት ሳለሁ ከሳሎን የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ። ከታመመ ወዲህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲወጣው የመጀመሪያው ነበር፤ «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» አለ። ጭልፋውን ጥዬ ሮጥኩ። ደግሞ አለው። አቅፌው አለቀስኩ።

ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ከሩዝ ጆንያና ከፍራሽ መሃል፣ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ያለ አማራጭ ታማኛችሁ የሆንኩ፣
ሮኪያ

ማስታወሻ፦ ቀረጻውን የምታድሱበት ቀን ካለ፣ ያቺ ሴትዮ አንዲት ቃል እንድትጨምርልኝ እለምናለሁ። ስልኩን እንድታነሡ አልጠይቅም፤ እንደ ልማዳችሁ ተዉት፣ ብቻ እሷ ሳትሰለች ትድገምልን። ቃሏ «ሮኪያ» የምትል ናት። ባለቤቴ እሷን ገና አልቻላትም።