በነቨና ፊት ላይ ስለወረደው ማስካራ

ለተከበሩ የማስካራ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ዓይንዎ አጥርቶ እንዲያይ፣ እንቅልፍዎ የሰላም እንዲሆን፣ የትዳር ጓደኛዎም በሕይወትና በጤና አጠገብዎ እንዲቆዩልዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን የተመኘሁት ለወጉ ብቻ አይደለም።

እኔ ራንጌል ሚንቼቭ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው፤ ከባቡር ሐዲድ ሥራ ጡረታ ወጥቼ ከባልካን ተራራ ሥር ባለች መንደር እኖራለሁ። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ስለሆነ ስሕተት ቢገኝ በትዕግሥት ይለፉልኝ። የፋብሪካውን ስም ያልጻፍኩት በአክብሮት ነው፤ ደግሞም ሦስት ቋንቋ የተቀላቀለበት ስም ስለሆነ በትክክል የሚወጣልኝ አልመሰለኝም። ሣጥኑ ላይ የሚዘለውን ነጭ ጥንቸል ያየ ሁሉ ያውቅዎታል።

ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያናችን በርና በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከባለቤቴ የሙት ዓመት ማስታወቂያ ጎን እለጥፈዋለሁ። ሥዕሏ ያለበት ወረቀት ቅዳሜ ይሰቀላል። ለእርስዎም አንድ ቅጂ እልካለሁ፤ እንደ ቀድሞዎቹ ሁለት ደብዳቤዎቼ ፈጣን ምላሽ እንደሚሰጡኝ አልጠራጠርም። አንደኛው በአራት ወሩ፣ ሁለተኛው በሦስት ወሩ ነበር የተመለሰልኝ።

ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፦ ሣጥንዎ ላይ ስለተጻፈው ውብ ቃል።

ባለቤቴ ነቨና ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት የመዋቢያ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርታለች። ሥራዋ ጥንቸል መያዝ ነበር። ሌላው ሰው የሚፈተነውን መዋቢያ ዓይናቸው ውስጥ ያንጠባጥባል፤ እሷ እንዳይንቀሳቀሱ አጥብቃ ትይዛለች። «ራንጌል፣ ጥንቸል እኮ አይጮኽም» ትለኝ ነበር፤ «ቢጮኽ ኖሮ በሳምንቱ ጥዬው እወጣ ነበር።» ጡረታ በወጣች ማግስት ጓሮ ወጥታ ከማረባቸው ጥንቸሎች ፊት ቆመችና «ከዛሬ ጀምሮ አንዷንም አታርዳትም» አለችኝ። እኔም ቃሏን አክብሬ አንዷንም አላረድኩም። እነሱ በእርጅና አለቁ፤ ቤታቸው ዛሬ የእንጨት ማስቀመጫ ነው።

ማስካራ ግን ትወድ ነበር። ሽፋሽፍቷን ሳትቀባ ዳቦ ለመግዛት እንኳ አትወጣም። ስለዚህ እንስሳ ያልተሠቃየበት፣ ከተፈጥሮ የተሠራ፣ ደግሞም ሥራውን በደንብ የሚሠራ ማስካራ ፍለጋ ጀመረች። ክቡርነትዎ ይህ ስንት ዓመት እንደፈጀ ያውቃሉ ብዬ አልገምትም፤ ዘጠኝ ዓመት ነው። አንዱ እንደ ሬንጅ ጓጉሎ ሽፋሽፍቷን እርስ በርስ አጣበቀው። ሌላው ጠዋት ዓይኗ ላይ ነበረ፣ ቀትር ላይ ጉንጯ ላይ ተገኘ፤ ከከሰል ጉድጓድ የወጣች አስመሰላት። ሌላው ደግሞ ሽንኩርት የላጠች ያህል ዓይኗን አቀላው። አንድ መከር የዋልነት ፍሬ ቅርፊት ምድጃ ውስጥ አቃጥላ፣ ወቅጣ፣ ከሰምና ከጉሎ ዘይት ጋር ስታማስል ደረስኩባት። «ለጫማዬም ትንሽ አስተርፊልኝ» ብላት ማማሰያውን ይዛ ወንበር ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። የዚያን ቀን ሳቋን አሁንም ወጥ ቤቱ ውስጥ እሰማዋለሁ።

በመጨረሻ የእርስዎ ተገኘ። ሣጥኑ ላይ «ለዚህ ማስካራ አንድም ዓይን አላለቀሰም» ይላል። ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ሣጥኑን ደረቷ ላይ ያዘችው። እንዲህ ያለ ቃል የሚጽፍ ሠራተኛ ስላለዎት እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ይሁን በእኔ ላይ ገና አልለየሁም።

ነቨና ታመመች። መድኃኒቱ ፀጉሯን አረገፈው፤ ሽፋሽፍቷንም። በኋላ ጥቂት በቀለላት። መስታወት ፊት ተቀምጣ እንደ ጫጩት ትቆጥራቸዋለች፤ በግራ አሥራ አንድ፣ በቀኝ ዘጠኝ። ማስካራው አልቆ ስለነበር ወደ ከተማ ሄጄ እንድገዛላት ላከችኝ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ «አባባ፣ ለልጅዎ ነው?» አለችኝ። «ለሚስቴ።» «ሽፋሽፍታቸው ምን ዓይነት ነው? ረጅም ነው፣ አጭር?» «ሃያ ነው» አልኳት። ልጅቷ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ተወችና ሣጥኑን በወረቀት ጠቀለለችልኝ። ጥሩ ልጅ ናት። እርስዎ ዘንድ ብትሠራ ደብዳቤዎቼን ታነብ ነበር እላለሁ።

ነቨና እነዚያን ሃያዎቹን መቀባት ጀመረች። አንድ ጠዋት ሐኪም ቤት ለመሄድ ቸኩያለሁ፤ ታክሲው በር ላይ ጥሩምባ ያጮኻል፤ እሷ ብሩሹን ይዛ ገና በቀኙ ላይ ናት። ያኔ «በዚህ ዕድሜሽ ለማን ልትታዪ ነው?» አልኳት።

ብሩሹን ብልቃጡ ውስጥ መልሳ ዘጋችው። «እውነትህን ነው» አለች። መሳቢያ ውስጥ አስገባችውና እስክትሞት ድረስ፣ አራት ወር ሙሉ፣ አልከፈተችውም።

ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው እሑድ በእኛ ዘንድ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔም እጇን ስሜ «ይቅር በይኝ» አልኳት፤ እሷም እንደ ሥርዓቱ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለችኝ። ነገር ግን ያልኩት የዓመቱን ሁሉ በአንድ ጠቅልዬ ነው። የመሳቢያውን ነገር በስሙ አልጠራሁትም። ቀስ ብዬ እጠራዋለሁ ብዬ ነበር። በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ሞተች።

ሦስተኛ፦ ስለ ቀብሩ ቀን።

እህቷ ስቶይና አጥባ አለበሰቻት። እኔ መሳቢያውን ከፍቼ «ይህን እኔ ልቀባት» አልኩ። ስቶይና «አንተ? ሐዲድ መሰለህ?» ብላ አፈጠጠችብኝ፤ ቦታውን ግን ለቀቀችልኝ። በግራ አሥራ አንድ፣ በቀኝ ዘጠኝ ቀባሁ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ማንም በር ላይ አላጮኸም።

በእኛ አገር የሟች ፊት ላይ እንባ አይጣልም። እንባ የወደቀበት ነፍስ መንገዱን ሁሉ ረጥቦ ይሄዳል ይላሉ፤ ስለዚህ የሚያለቅስ ሰው ከሬሳ ሣጥኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለቅሳል። እኔም ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ከቤት እስከ መቃብር በክፍት ሣጥን ስንሸኛት ዝናብ ያዘን። ጉድጓዱ አፍ ላይ ስቶይና ፊቷን በመሐረብ አደረቀችላት፤ ዘመድ በየተራ ተሳለመ፤ በመጨረሻ እኔ ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ሳምኩ፤ ቆየሁ። ቀና ስል ጎረቤታችን እማማ ጊና «እዩ! እዩ! አለቀሰች! ሬሳዋ አለቀሰች!» ብላ ጮኸች።

ከሁለቱ ዓይኖቿ ጥግ ሁለት ጥቁር መስመር ወደ ጆሮዎቿ ወርዷል።

ስቶይና ሰው ሁሉ እየሰማ «እህቴ እያለቀሰች ሄደች!» አለችኝ። «ሬሳ ሲያለቅስ የአንተ ዓይን ደረቅ ነው፤ አንተ ድንጋይ! ምን አድርገሃት ነው?» ምን እንዳደረግኳት አውቅ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ለአርባዋም ለስድስት ወሯም ስቶይና ንፍሮውን ብቻዋን ታመጣለች፤ የእኔን ሳህን አልፋ ለሌላው ታድላለች። መንደሩም ነቨና ቂም ይዛ እንደሞተች ቆርጧል። እኔም ሌላ የማስብ አልነበርኩም።

አራተኛ፦ ስለ ከበሩት ምላሾችዎ።

የጠየቅኩዎት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ማስካራችን በዝናብ ይወርዳል» የምትል። ማኅተም ቢኖራት መንደሩ እንዲያያት እሰቅላት ነበር። የመጀመሪያው ምላሽ «ውድ እኅታችን» ብሎ ይጀምርና ምርቱን ስለመረጥኩ ያመሰግነኛል። ጢሜን አይተው ስለማያውቁ ይቅር ብያለሁ። ከዚያ «ማታ ከመተኛትዎ በፊት ማስካራዎን ማጽዳት አይዘንጉ፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ዓይን ላይ ባይቆይ ይመረጣል» ይላል። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ነቨና ሳታጸዳ ከተኛች ዓመት ሊሞላት ነው።

ሁለተኛው ምላሽ አጭር ነው። «ምርታችን ዝናብና ቀዝቃዛ ውኃ አያስለቅቀውም፤ የሚለቀው ለብ ባለ ውኃ ብቻ ነው። ያቀረቡት ቅሬታ ከምርቱ ባሕርይ ጋር አይስማማም።» ሬሳ ለብ አይልም፤ ክቡርነትዎም ይህን ሳያውቁ አይቀሩም። ዝናቡ ካልሆነ የቀረው እንባ ነው፤ ታዲያ በአክብሮት «ሚስትህ አልቅሳብህ ሄዳለች» ማለትዎ ነው ብዬ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።

እስከዚህ የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው። በብዕር ስለጻፍኩት አልፍቀውም፤ እንዳለ ይሂድ። ከዚህ በታች ያለው ግን የዛሬ ነው።

አምስተኛ፦ ስለ ፈተናው።

እንስሳ ላይ እንደማይፈትኑ ሣጥንዎ ይናገራል፤ የእኔን ቅሬታ ማንም ሰው ላይ እንዳልፈተኑትም ምላሾችዎ ይናገራሉ። ስለዚህ ፈታኙም ተፈታኙም እኔ ሆንኩ። ማክሰኞ ዕለት ሲዘንብ የነቨናን ማስካራ አውጥቼ የራሴን ሽፋሽፍት ቀባሁና ጓሮ ወጥቼ ባዶው የጥንቸል ቤት አጠገብ ቆምኩ። እማማ ጊና ካጥር ማዶ «ራንጌል! ምን ነካህ፣ ሊያገቡህ ነው እንዴ?» አለችኝ። «እየፈተንኩ ነው» አልኳት። አማተበችና ገባች።

ግማሽ ሰዓት ዘነበብኝ። ገብቼ መስታወት አየሁ። አንዲት ጥቁር ጠብታ አልወረደችም። እዚያው እያየሁ ትዝ አለኝ፤ ነቨናም ከቤት እስከ መቃብር ዘንቦባታል፤ ስቶይና በመሐረብ ስታደርቃትም መሐረቡ ነጭ ነበር። ወደ ቁም ሣጥኑ ሄድኩ። የቀብሩን ቀን ሸሚዜን አጥቦ የሚሰጠኝ ስለሌለ እንዳለ አጣጥፌ አስቀምጬው ነበር። ጭንቅላቷን ደግፌ የሳምኩበት የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ ጥቁር አለበት፤ የወረደው ስስማት ነው ማለት ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ መጣ፤ ዓመት ሙሉ የያዝኩት እንባ መጣ። ተነሥቼ መስታወቱን ሳይ ሁለት ጥቁር መስመር ጉንጬ ላይ ወርዷል፤ ልክ እንደ እሷ።

ለካ ለብ ያለው ውኃ የእኔ ነበር። የቀብሩ ቀን ፊቴ በዝናብ ስለረጠበ እኔም አላወቅኩት፣ ስቶይናም አላየችው። እንባ አይውደቅባት ብዬ ጥርሴን ስነክስ ዓይኗ ላይ ያነባሁት እኔው ነኝ።

ሮጬ ወደ ቄሳችን ወደ አባ ሳቫ ሄድኩ፤ ፊቴን እንኳ አልጠረግኩም። አይተውኝ አልሳቁም። «አባ፣ መንገዷን አረጠብኩባት» አልኳቸው። እሳቸውም «ራንጌል፣ በሕይወት ሳለች አልቅሰህላት ታውቃለህ?» አሉኝ። «አላውቅም።» «እንግዲያስ እንባህ ደርሶላታል» አሉና መሐረባቸውን ሰጡኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቅሬታዬን አንሥቻለሁ። ማስካራዎ እንደተባለው ነው፤ ነቨና ዘጠኝ ዓመት የፈለገችው በእርግጥ እሱ ነበር። አንደኛው በእርስዎ ዘንድ ይቆይ። ሁለተኛው የእኔ ሆኗል፤ መሳቢያውን በስሙ እየጠራሁ ቅዳሜ መቃብሯ ላይ አነብበዋለሁ። ስቶይና ሆይ፣ አንቺም ይህን በር ላይ ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ፣ እህትሽ አላለቀሰችም። ያለቀሰው ድንጋዩ ነው። ሸሚዙ ቤት አለ፤ መጥተሽ እዪው። ንፍሮውንም ብትፈቅጂ አብረን እናምጣው።

ላደረጉልኝ መስተንግዶ፣ «ውድ እኅታችን» ላሉኝ፣ ሳልጠይቅ ለነገሩኝ የለብታ ምክርም ወሰን የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ እንቅልፍዎ ያማረ፣ መስታወትዎም ሁልጊዜ ደግ ፊት የሚያሳይዎ እንዲሆን የምጸልይ፣

ትሑት ደንበኛዎ
ራንጌል ሚንቼቭ
የነቨና ባል

ማሳሰቢያ፦ በሣጥንዎ ላይ «ለዚህ ማስካራ አንድም ዓይን አላለቀሰም» የሚለው በሚቀጥለው ኅትመት እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ። ሁለት ዓይን አልቅሷል። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ማንም አልያዘውም፤ እሱም እንደ ጥንቸሎቹ አልጮኸም።