ስሟን ሳልጽፍ ከአጠገቧ ተነሣሁ

ይድረስ ለወንድሜ ለአዳነ፤

ሰላምታዬን ከመቀበልህ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። ወይንሸት የሞተችው ደም ጠፍቶ አይደለም። የሷ ያልሆነ የደም ዓይነት ተሰጥቷት ነው፤ ያም የመጣው በእኔ በወንድምህ እጅ ነው። አሥር ወር ሙሉ ደብቄህ ኖርኩ። ስትደውልልኝ ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ አንተ ቀድመህ "ጋሼ፣ ድምፅዎ ደከመብኝ፤ አሞዎታል እንዴ?" ስትለኝ ምላሴ ይያዛል። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት።

አሁን እንደ ወጉ ልጠይቅህ። እንደምን ከርመሃል? መሪ ላይ ውሎ ማደሩ ወገብህን እንዴት አደረገው? ሳራ ጥርስ አወጣች ወይ? የእናታችን ጉልበትስ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ይወጣላታል? እኔ ነፍሴ አለች፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን እግዚአብሔርን ምስክር አልጠራም። መርሳ እንደገና ጓዟን ሸክፋለች። ከቆቦ የሸሸው ሕዝብ ወልድያን አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ወደ ደሴ የሚወስደው መኪና ይጠብቃል። ሁሉም ከአምናው ተምሮ ፍራሹን አስቀድሞ ይጭናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር አገሩ ሁሉ ተይዞ ሳለ፣ ከየሥራችን የተበተንን ጥቂት ሰዎች ሐራ አጠገብ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ቁስለኛና ወላድ እንቀበል ነበር። አንተ መንገዱ ተዘግቶብህ ከነመኪናህ አዳማ ቀርተሃል። ስልክ ከመቋረጡ በፊት የመጨረሻ ቃልህ "ጋሼ፣ ወይንሸትን አደራ" የሚል ነበር።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ከሕመምተኛ ደም መቅዳት ነው። ያስተማሩን ሲስተር ዕለት ዕለት የሚደጋግሙልን ቃል ነበራቸው። ሳታስፈቅድ መርፌ አታስነካ። ስምህ እገሌ ነው ወይ ብለህ አትጠይቅ፤ የታመመ ሰው ለሁሉም አዎ ይላል፤ ራሱ ከነአባቱ ይንገርህ። ስሙን ደሙን በቀዳህበት ቲዩብ ላይ ሳትጽፍ ከአጠገቡ አትነሣ። ከተሳሳትክ ደግሞ እዚያው ተናገር፤ የደበቅኸው ስሕተት ነገ በሕግም በፈጣሪም ፊት ወንጀል ሆኖ ይጠብቅሃል ይሉን ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሌላው ስመክርበት ኖሬያለሁ።

ወይንሸት ሳራን በሰላም ተገላገለች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። በዚያው ሰዓት ማሚቴ የምትባል የሐራ ነጋዴ ጭኗን በፍንጣሪ ተመትታ መጣች። ለሁለቱም ደም ያስፈልጋል ተባለ። ከተፈናቃዩ መካከል የሚለግስ አልጠፋም፤ የደም ዓይነት የሚለይበት ጠብታም ትንሽ ተርፎን ነበር። ከዚያ ሌላ ማመሳከሪያ አልነበረንም።

መጀመሪያ ወደ ማሚቴ ሄድኩ። "ከእኔ ምን ደም ታገኛለህ? ሥጋ ከቀመስኩ ዓመቴ ነው፤ ብትቀዳኝ የሚወርደው ሽሮ ነው" ብላ በዚያ ሥቃይ ውስጥ አሳቀችን። ቲዩቡን በጋወኔ ግራ ኪስ ከተትኩት። ስም የምንጽፍበት ፕላስተር መግቢያው ላይ ካለው ጠረጴዛ ነበር፤ እዚያ ስደርስ እጽፈዋለሁ አልኩ። ቀጥዬ ወደ ወይንሸት ሄድኩ። የወንድሜን ሚስት ሰው ፊት "ስምሽ ማነው?" ማለት እንደ መቀለድ መሰለኝ። እሷ ክንዷን ዘርግታ "ጋሼ፣ የቀረችኝን ጠብታም ሊወስዱብኝ ነው? ለአዳነ ነው የምነግርብዎት" አለችኝ። የሷን በቀኝ ኪሴ ከተትኩ።

ጠረጴዛው ጋ ሳልደርስ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ፤ ሁላችንም መሬት ላይ ተደፋን። ስነሣ ሁለቱም ቲዩቦች ከኪሴ ወጥተው ገለባው ላይ ተጋድመዋል። አንሥቼ በብርሃን አየኋቸው። ሁለቱም ደም ናቸው፤ ከዚያ ሌላ የሚናገሩት የለም። ተመልሼ እንደገና መቅዳት ነበረብኝ። ደም የሚፈስሳትን ሴት ሁለተኛ ልውጋት? በስተርጅና ሥራ የማያውቅ ልባል? እነዚህ ሁለቱ ያዙኝና በግምት ጻፍኩባቸው።

የለጋሹ ደም ለወይንሸት ሊሰጥ ሲል ይታገሱ የምትባለው ነርሳችን እጄን ያዝ አድርጋ "ጋሼ ንጉሴ፣ ስሙን እዚያው ሕመምተኛዋ አጠገብ ነው የጻፉት?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ" አልኳት። አዳነ፣ ለቲዩቦቹ መውደቅ አምላክ ይቅር ይለኝ ይሆናል። ይህችን "አዎ" ግን ከአፌ ያወጣኋት እኔው ነኝ።

ጥቂት ቆይታ ወይንሸት ተንቀጠቀጠች፤ "ጀርባዬን እሳት በላኝ" አለች። ይታገሱ ደሙን ዘግታ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዝም ስላት "እንግዲያስ ብርድ ብርድ ማለት ይሆናል" ብላ መልሳ ከፈተችው። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ እላለሁ፤ አልተነፈስኩም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች። ማሚቴ ዳነች። በማግስቱ ጓዟን ስሰበስብ የእርግዝና ክትትል ካርዷን አገኘሁ። የደም ዓይነት ኦ ይላል። እኔ ባቀረብኩት ቲዩብ ኤ ነው ተብሎ ነበር የተሰጣት። ለማሚቴ የደረሳት ኦ ግን ለሁሉ የሚስማማ ስለሆነ አልጎዳትም። ካርዱን በጸሎት መጽሐፌ መካከል ሸሸግሁት።

በታኅሣሥ መንገዱ ተከፍቶ ስትመጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥመህ አለቀስክ። እኔም "ጽጌን ቀብሬ ችዬዋለሁ፤ አንተም ትችለዋለህ" አልኩህ። ሁለታችንን እኩል ሚስት የሞተችብን አስመሰልኩት እንጂ፣ የእኔን ሚስት የወሰዳት የፈጠራት ነው። ያንተን ማን እንደወሰዳት አጠገብህ ቆሜ አውቅ ነበር።

ከዚያ ነርሷ ናት የገደለቻት የሚል ወሬ ሰምተህ በይታገሱ ላይ አቤቱታ ስታስገባም ዝም አልኩ። አጣሪ ኮሚቴው ጠርቶ "ስሙን የት ጻፍክ?" ሲለኝ ያችኑ ውሸት ደገምኩ፤ ፈረምኩባትም። ይታገሱ ከሙያዋ ታገደች። አሁን መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። ማሚቴ ደግሞ በገበያ ቀን ባየችኝ ቁጥር ሰው ሰብስባ "የተረፍኩት በዚህ ሰው እጅ ነው፤ እጁን ይባርከው" ትላለች። ምርቃት እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

በፍልሰታ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። "እኔን አልበደልከኝም። መጀመሪያ ወዳስቀየምካቸው፣ ቀጥሎ ወደ ሕጉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ና" አሉኝ። ጾሙ ተፈታ፤ እኔ ሳልቆርብ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት ከቆቦ የሸሸች አንዲት ወላድ መናኸሪያው ጥላ ሥር ወደቀች። ይታገሱ ብርጭቆውን ጥላ ሮጠች፤ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። "እኔ መንካት አይፈቀድልኝም፤ እባካችሁ ሰው ጥሩ!" እያለች በሁለት እጇ ራሷን ይዛ ትጮህ ጀመር። ሴትዮዋን በባጃጅ ወሰዷት፤ የደረሰችበትን አላወቅንም።

ያን ዕለት ለይታገሱ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ጋሼ ንጉሴ፣ እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር" አለችና ብርጭቆዋን ማጠብ ቀጠለች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም ደግሜ አልለመንኳት። በማግስቱ ወልድያ፣ እገዳውን ወደጻፈው ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቱን በማዳበሪያ ከረጢት እየከተቱ ሳሉ ደረስኩ። አንዱ ኃላፊ "አባቴ፣ ማኅተሙም ደሴ ሄዷል። ስንት ሺህ ሰው አልቆ ማን ቆጠረው ብለው ነው አንዷን ይዘው የመጡ?" አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ከዚህ ሁሉ ምን እንደሚገኝ እንጃ። ወይንሸት አትመለስም። የይታገሱ ሥራ በዚህ ግርግር የሚመለስላት አይመስለኝም። አንተም በዚህች ወረቀት ወንድም ታጣለህ። የክትትል ካርዱን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ክሱን ወደ እኔ ልታዞረው ብትፈልግ ማስረጃህ እሱ ነው። አደራ በላ ብትለኝም ቃሉ ልኬ ነው።

ሰላምታዬን እዚህ ላይ ማድረሴ፣ የመጨረሻውን ከጻፍኩ በኋላ ሰላም በሉልኝ ለማለት ስለማፍር ነው። የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ ከሌላ ሰው ሳትሰማው አንተው ንገራት። ትልቋን ልጅህን ሜሮንን እህቷን ስለያዘች አመስግንልኝ። ሳራን አንዴ ሳማት፤ ስሜን ግን አታንሣባት። ለወይንሸት እናት ሰላምታ ለመላክ ወኔ አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ተረኛው ደሳለኝ የሚባል ነው። "ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል። ዛሬ የሚመጣው ሁሉ የጠፋ ሰው ሊያስመዘግብ ነው። ይሂዱና ሰላም ሲሆን ይምጡ" አለኝ። አልነሣም አልኩት። ሲሰለቸው መዝገቡን ገልጦ ብዕሩን አነሣና "እሺ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ራስዎ ይንገሩኝ" አለ። ነገርኩት። ቃሌን ከገለባው እስከ ኮሚቴው ድረስ ሰጠሁ። ከዚያ ከወንበሩ ሳልነሣ፣ እዚያው፣ ከቃሌ ሥር ስሜን ጻፍኩ።

ንጉሴ ይመር
መርሳ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2014 ዓ.ም.