አባዬ ያልሰማት ኳ

ነሐሴ 2፣ ዓርብ። ከሰዓት
መኪናችን ዛሬም ኳ አለች። ከላፍቶ ወደ ሀና ማርያም ስንወርድ፣ እዚያችው ጉድጓድ ላይ። ከፊት፣ ከሥር። አንዴ ብቻ አንኳኩቶ የሚጠብቅ እንግዳ ትመስላለች።

አባዬ መሪው ላይ፣ እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። ፍልሰታ ስለሆነ በየቀኑ ለቅዳሴ ያደርሳታል። ት/ቤት ዝግ ነው፤ ማስተማር የለ፣ እርማት የለ፣ እኔም እከተላለሁ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት ሱቁም፣ ኮንዶሚኒየሙም፣ ጃንጥላውም ይሟሟል። እንዲህ ተቀምጬ ዓመቱ ቢያልቅ ደስ ይለኛል።

ድምፁ ምንድን ነው አልኩት። ማርሽ ቀየረ። ጮክ ብዬ ደገምኩ። መኪናዋ ምንም የላትም አለ።

ምንም የላትም! ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው! ሰፈርተኛው መኪናውን እያመጣ "ጋሽ ታደሰ፣ እስቲ ይስሙልን" የሚለው ሰው የራሱን አልሰማም? ይቀልዳል።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ
ደብተሬ፣ አይቀልድም።

ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ የጭነት መኪና ከጎናችን ክላክሱን ለቀቀው። ረጅም ነበር፣ ጆሮ ይሰነጥቃል። እማዬን እንቅልፍ ጥሏታል። አባዬ ግን ረጋ ብሎ ወደ መኪናው ታጠፈ። ሹፌሩ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ዛሬ አልጽፍልሽም ነበር። ለጥቂት ተረፍን። እኔ ስጮህ እማዬ ባነነች፤ አባዬ በመስታወት አየኝና ምን ሆንሽ አለኝ።

ቤት ገብተን ከጀርባው ቆሜ "አባዬ" አልኩ። ጠንከር አድርጌ ደገምኩ። ጋዜጣውን ገለጠ።

ቁልፉን መውሰድ አለብኝ። መውሰድ አልችልም። ያ ቁልፍ ከኪሱ ሲወጣ አባዬ ምን ይሆናል? ማንም የማይጠይቀው ሽማግሌ ይሆናል። ፈራሁ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ
አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ፤ መዝግቢው።

ከምሳ በኋላ ጎረቤታችን መኪናውን በር ላይ አቆመ። አባዬ ወጣ፤ ኮፈኑ ላይ መዳፉን አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። አንዲት የላላች ቺንጋ ነች፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ብሎ አሰናበተው። ሰውዬው መርቆት ሄደ።

በመስኮት ሳይ ነበር። ያ እጅ። ድሮም እንደዚያ ያደርግ ነበር? እኔ እንደመዳበስ ነበር የማየው፣ ከብት እንደሚዳበሰው። ዝናቡ አባርቶ ጣሪያው ይንጠባጠባል። እየቆጠርኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ
ቢያንስ ኳዋን ላጥፋ ብዬ ተነሳሁ። ገበያ ነው ብዬ ቁልፉን ተቀብዬ ጀሞ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ሙሌ ይባላል፤ ወሬው ከእጁ ይፈጥናል። ከየት በኩል ነው አለኝ። ከግራ፣ አልኩ፤ በደንብ ነው የምሰማው። ግራውን በክሪክ አንስቶ ነቀነቀ፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ቴስታ ቀየረ። ስመለስ፣ ጉድጓዷ ጋ፦ ኳ።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ
ሙሌ ጋ ደግሜ ሄድኩ። አሁን ንዝረት የሚያበርደውን የግራውን አሞርዛተር ቀየረ። ኳ። ሦስተኛ ስመጣ "እህቴ፣ መኪናዋስ ደህና ናት፤ መንገዱን አሠሪ" አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ እንባዬ።

በቃ፣ አባዬን እጠይቃለሁ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ
ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ቃሉን ጎላ አድርጌ፣ የመኪናዋ ድምፅ መካኒኩንም እኔንም አቃተን፣ እርዳን አልኩት። ከንፈሬን አየ። ጫማውን እየፈለገ ወጣ።

እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ከጎኔ። በገዛ መኪናው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጫማውን አወለቀ። እግሩን ወለሉ ላይ፣ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ። ጉድጓዷን ተሻገርን። ድገሚ አለ። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ እጁን አነሳ።

"ቀኝ ነው።"

እኔ ከግራ ነው የምሰማው አልኩ። ብረት ድምፅ ይዞ ይሄዳል፣ አንቺ ግራ ስለተቀመጥሽ ነው አለኝ። ሁለቱን የፊት እግሮች የሚያያይዘው ዘንግ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ጎሚኒዋ፣ ላስቲኳ፣ አልቃለች አለ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ዝናብ ጀመረ፤ ጣሪያው ሲንጫጫ እሱ መስታወቱን ያያል። "ጆሮዬ ከከዳኝ ሁለት ዓመት አለፈው" አለ። ለእናትሽ አትንገሪ አለ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ
እማዬ ታውቃለች! ጠዋት ሽሮ ስታማስል እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ከፊት የምትቀመጠውም ለዚያ ነው፤ ክላክስ ስትሰማ ጉልበቱን ጫን ታደርገዋለች። ቅዳሜ እንቅልፍ አሸነፋት፤ ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ዓይኗን አልከደነችም። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ይደብቃታል፣ እሷ እንዳላወቀች ትሆናለች። እኔ ደግሞ በመሃል ዝናብ አያለሁ። አፈርኩ።

ከአባዬ ጋር ጋራዥ ሄድን፤ ሙሌ ቀኙን ፈታ። ጎሚኒዋ ተበልታ እንደ አሮጌ ላጲስ ተፈረፈረች። አዲሷን ሲያጠብቅ አባዬ ትከሻውን ነካ አደረገው፦ መጀመሪያ ጎማዋን መሬት አስረግጣት፣ ተንጠልጥላ ካጠበቅካት ጎሚኒዋ ተጣማ ትቀራለች። ወሬኛው ሙሌ እሺ አባባ ብቻ ብሎ ክሪኩን አወረደ።

ጉድጓዷ ዝም አለች። የሚገርም ነው፣ ኳዋ ናፈቀችኝ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ
ሌሊቱን ቃላት ስመርጥ አደርኩ። አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ... አባዬ፣ ካልከፋህ...

ጠዋት ስወጣ መኪናዋ ውስጥ ናቸው። እማዬ ከኋላ። አባዬ ከፊት፣ በቀኝ፣ ጫማውን አውልቆ። ቁልፉ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቁልፉን አንስቼ ተቀመጥኩ። ነዳሁ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነዳሁ። ላፍቶ መታጠፊያ ስደርስ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ እግሬ ድረስ ይመታኛል አለኝ። እማዬ ሳቀች።

ሰኞ ጆሮ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። አልጠየቅኩትም፤ ነገርኩት። አንቺ ከነዳሽ አለኝ።

ከሰዓት
በር ላይ መኪና ቆመ። የጎረቤታችን ወንድም ነው፣ ጋሽ ታደሰ ይስሙልኝ ይላል። አባዬ ወጥቷል። መዳፉ ኮፈኑ ላይ ነው። ዓይኑን ግን አልጨፈነም፤ ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ ያያል። በሰው ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራኝ፦

"ሂዊ፣ ነይ እስቲ ስሚልኝ!"

ደብተሬ፣ ልሂድ፣ አባዬ እየጠበቀኝ ነው።